ኬሚካሉን ስንሰጥ ትምህርቱንም እንስጥ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ነው። ዛሬ ግን ስለምንተነፍሰው፣ ይልቁንም ሌላ ሰው በእኛ ትእዛዝ ስለሚተነፍሰው ነገር ላውጋችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተቀጠረች። ሥራውን ያስረከብኳት እኔ ነበርኩ። መጥረጊያውን፣ መወልወያውን፣ በረኪናውንና በውኃ ጠርሙስ የተቀዳውን የሽንት ቤት አሲድ አሳየኋትና “በይ እንግዲህ፣ በደንብ ይጽዳ” ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ከሽንት ቤቱ እየተንገዳገደች ወጣች። ሳል አላስተነፍስ ብሏት ነበር፤ ዓይኗም እንባ ያወርዳል። በረኪናውንና አሲዱን አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅላቸዋለች። በኋላ ስጠይቃት “ሁለቱም ማጽጃ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ ብዬ ነው” አለችኝ። ሐኪም ቤት ወስደናት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላት። እኔ ግን ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሁለቱን ውህደት ኮሌጅ ሳለሁ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ ያገኘሁበት ሰው ነኝ። ዕውቀቱ ከእኔ ዘንድ፣ ባልዲው ከእሷ ዘንድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለሽንት ቤት የሚሸጠው አሲድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1907 ዓ.ም፣ ወታደሮችን በጅምላ ለመፍጀት የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ብላ የምትፈትግ ሴት ደግሞ አፍንጫዋ እዚያው ነው። ከዓይን፣ ከጉሮሮና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ወደ አሲድነት ተለውጦ ያቃጥላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ማዘናጋቱ ነው። ሰውየው ንጹሕ አየር ሲያገኝ “ተሻለኝ” ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ሳሉና የትንፋሽ እጥረቱ ካልለቀቀ፣ ወይም ከበረደ በኋላ ከተመለሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ከአሠሪዎች የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ “ተጠንቀቂ ብያት ነበር።” ይቅርታ ይደረግልኝና “ተጠንቀቂ” ማለት ማስተማር አይደለም። ከምን? እንዴት? ጓንትና ጭምብል ገዝቶ መስጠትም ብቻውን ማስተማር አይደለም። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ጭምብል ጋዝ አያስቀርም፤ እንዲያውም “ጭምብል አድርጌያለሁ” የሚለው መተማመን ሰውን በመጥፎ አየር ውስጥ ያቆየዋል። በትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ሠራተኛው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ግድግዳ ላይ እያበሩ አሳይተው፣ አስፈርመው፣ ምሳ አብልተው “ሠልጥኗል” የሚሉ አሉ። ፊርማው ለማን እንደሚጠቅም እናንተው ፍረዱ።

ወደ እህል ነጋዴ ወንድሞቼ ልምጣ። በእህል መጋዘኖች ለነቀዝ የሚቀመጠው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከእህሉና ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። “ክኒን” መባሉ ራሱ ያዘናጋል፤ የራስ ምታት ክኒን ይመስላልና። መጋዘን ውስጥ የሚያድር ወጣት ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ብሎ መድኃኒት ሊገዛ ሲመጣ “የነቀዝ ክኒን አለ እንዴ?” ብዬ ሳልጠይቅ አልሸኝም። ክኒኑ የተቀመጠበት መጋዘን ይታሸጋል፤ ውስጡም፣ ግድግዳ የሚጋራው ክፍል ውስጥም ሰው አያድርም። በሩ ተከፍቶ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ አይገባበትም። በባዶ ወይም በእርጥብ እጅም አይነካም። ይህን ለልጁ መንገር ያለበት ክኒኑን ገዝቶ የሰጠው ሰው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉ ሠራተኞች ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አስተምረውናል። ሸክም ሲባል ሁልጊዜ ኩንታል ይታየናል። ምንነቱን የማያውቁት ፈሳሽስ? ወደ ሕጉ ከመጣንም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ መከላከያም እንዲሰጥ ያስገድዳል። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። እሷን የሚጠብቃት የእኛ አማና ነው።

ለአረብ አገር ጉዞ የሚሰናዱ እህቶች ያሉበት ቤተሰብም ይህን ልብ ይበል። እዚያ በረኪናን በልማድ ክሎሮክስ ይሉታል፣ የሽንት ቤቱን አሲድ ደግሞ ብዙዎች ፍላሽ። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ልጅቱ የምግብ ስሞችን በአረብኛ ስታጠና እነዚህንም አብራ ታጥና።

“ሠራተኛ አይበረክትም፤ ዛሬ ባስተምር ነገ ትሄዳለች” የሚለኝ አለ። ትሂድ! ዕውቀቱን ይዛ ትሂድ።

ደግሞስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አወጣለሁ። በውኃ ጠርሙስ የተቀዳ ካለ አስወግዳለሁ፤ ዕቃው በመጣበት መያዣ ይቀመጣል፣ ላዩም በአማርኛ ይጻፍበታል። ሠራተኛዋ የምታነበው ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ማንበብ ካልቻለች በሥዕል። በቀይ መስመር በተከበበ አልማዝ ውስጥ ያለው የራስ ቅል መርዝ፣ እጅ ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ የሚያቃጥል ማለት መሆኑን አሳያታለሁ። አሲዱና በረኪናው በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ። ከዚያ “ቢደፋስ?”፣ “ቢሸትሽስ?” እያልኩ እጠይቃለሁ፤ መልሱ በራሷ አፍ እስኪወጣ ድረስ አልለቃትም። ሽታው ከበረታ ሁሉን ጥላ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ለባልዲው ብላ አትመለስም። ዓይኗ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ታጥባለች፤ ቧንቧውን ሄደን እናየዋለን። ሰው ከዋጠው እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ሲወጣም ደግሞ ያቃጥላልና። መያዣውን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በመጨረሻም “አላውቀውም” ብላ ብትጠይቀኝ እንደማልቆጣ እነግራታለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ የጎደለው ይህ ይመስለኛል፤ ስታየኝ ትፈራኝ ነበርና።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከጁሙዓ በኋላ የዉዱእ ቦታውንና የሽንት ቤቱን ማጽጃ ዕቃ ማስቀመጫ ከፍታችሁ እዩ። የሚያጸዱት ብዙውን ጊዜ ለአጅር ብለው የሚመጡ ወጣቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማንም ምንም አልነገራቸውም።

ያቺ እህት አሁንም ከእኛ ጋር ናት። ባለፈው ዓመት አንዲት ረዳት ስትቀጠር ያስተማረቻት እሷ ናት፤ እኔ ቆሜ ሰማሁ። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ “እዚህ መያዣ ላይ ስሙን አልጻፍሽም” አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ብዕር አምጥቼ ጻፍኩበት።