ለዒላማ ልምምድ ትንሿ ጠመንጃ ትበቃለች

ባለፈው ሰሞን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፉሪ ከሚኖር ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። ወዳጃችን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ጀማሪ ሹም ነው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ጨዋታው ወደ ጠመንጃ ዞረና፤ «ለዒላማ መለማመጃ የምትሆን፣ ዋጋዋም ኪስ የማይጎዳ ጠመንጃ ለመግዛት አስቤአለሁ። የትኛዋን ትመክሩኛላችሁ?» ሲል ጠየቀን። ይህ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ወጣት ጥያቄ መሆኑን ስለምናውቅ መልሳችንን በዚህ ገጽ ለመስጠት ወደድን።

በአገራችን ጠመንጃ ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። አባቶቻችን ፈረንሳይ ሠራሹን «ፉዚ ግራ» በአፋቸው አለዝበው «ውጅግራ» ብለውታል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱም እርሱ ነበር። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የጥይቱ እርሳስ ክብደት 25 ግራም ያህል ነው። ከዚህ ታሪክ የተነሣ ዛሬም ብዙዎቻችን ጠመንጃን የምንመዝነው በድምፁና በጉልበቱ ነው። ድምፁ ያነሰውን «የልጅ መጫወቻ» ብለን እንንቀዋለን።

ነገር ግን ጦርነት ሌላ፤ ዒላማ ሌላ ነው። ከዓድዋ ድል አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ በአቴንስ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲከፈት የጠመንጃ ተኩስ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን የግሪክ ሠራዊት ይይዘው የነበረውም ይኸው ውጅግራ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ወገን ጠመንጃን አገሩን ለማዳን ሲያነሣ፣ ሌላው ዓይኑንና ልቡን ለማሠልጠን አነሣው። እኛ የመጀመሪያውን በሚገባ ይዘን ሁለተኛውን ችላ ብለናል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ለዒላማ ልምምድ በዓለም ላይ የተለመደችው 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነችው፣ በእንግሊዞች መለኪያ «ሃያ ሁለት» የምትባለው ናት። እርሳሷ 2.6 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ከውጅግራው አንድ ዐሥረኛ መሆኗ ነው። ትከሻ አትመታም፤ ጆሮንም እንደ ትልቁ አታደነቁርም። ይህም ከምቾት ያለፈ ጥቅም አለው። ትልቅ ጠመንጃ የያዘ ጀማሪ ገና ቃታውን ሳይስብ ምቱን ፈርቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውንም ያሸሻል። ሲስትም ጥፋቱ የጠመንጃው ይሁን የራሱ አያውቅም። በትንሿ የሳተ ግን የሳተው ራሱ ነው። በ50 ሜትር ውድድር የዒላማው መካከለኛ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ተኳሹን የሚያስመሰግነው እጁና ትንፋሹ እንጂ የባሩዱ ብዛት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ለጀማሪ የምትሻለው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርሰው፣ ወይም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ተኳሹ በእጁ ስቦ የሚያጎርሳት ናት። ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሷ እየጎረሰች የምትተኩሰው ጥይት ታስጨርሳለች እንጂ ትዕግሥት አታስተምርም። የጀርመኖቹ አንሹትዝ ለውድድር የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። የቼኮቹ ሲዜድና የሩሲያኖቹ ቶዝ ቀለል ባለ አሠራር በልዩ ልዩ አገሮች የጀማሪ መማሪያ ሆነዋል። አሮጌ የሚገዛ ሰው ከስሟ ይልቅ አካሏን ይመርምር። ባዶ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ አፈሙዟ ዝገት ወይም ጭረት እንዳለው፣ ቃታዋ ሳይንገራገጭ መሳቡን፣ ሰደፏ ለክንዱ ልክ መሆኑን፣ በብረቷ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ከወረቀቷ ጋር መስማማቱን ይይ። ቁጥሯ የተፋቀ ከሆነ በነፃ ቢሰጡት እንኳ አይቀበል።

ወዳጃችን የዘነጋው ትልቁ ወጪ ግን ሌላ ነው። በየሳምንቱ 50 ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሰው በዓመት 2600 ጥይት ይጨርሳል። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ዘወትር ይገዛል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሕጉ አለ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሕግን በጓሮ በር ማለፍ ነውር ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ስንነግረው ወዳጃችን ወደ ጓሮው ወሰደንና፤ «የምተኩሰው እዚህ ነው፤ ካርቶኑን በዚያ ባሕር ዛፍ ላይ እሰቅላለሁ፤ ወዲያ ማዶ ተራራ ነው» አለን። እውነት ነው፤ ከባሕር ዛፉ በላይ የፉሪ ተራራ ይታያል። ከባሕር ዛፉ ወዲያ ግን አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወዲያ በግማሽ የቀረ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ ኳስ የሚራገጡ ልጆች ነበሩ። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው ፉሪ ዛሬ ቤት ከቤት ተጋፍቶበታል፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የተከፈተውም በዚሁ በፉሪ ለቡ ነው። ያቺ የናቅናት ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ ወደ ላይ ዘንበል ብላ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች፤ በቅርብ ያገኘችውንም ሰው ትገድላለች።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆይተው፤ «ልጄ፣ ጠመንጃ ስትመርጥ አፈሙዙን ብቻ አትይ፤ ከዒላማው ወዲያ ያለውን እይ» አሉት። ወዳጃችን ልጆቹን ዞሮ አየና ዝም አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ በሠርግና በበዓል ለደስታ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይትም መውረዱ አይቀርም።

ታዲያ ፉሪ የሚኖር ወጣት ምን ያድርግ? እንደ እኛ አስተያየት መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከ«ሃያ ሁለት»ዋም ዝቅ ብሎ በአየር ግፊት ከምትተኩሰው ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር መጀመር ነው። ባሩድ የላትም፤ እርሳሷ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ርቀቷ 10 ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ደኅና ግድግዳ ተበጅቶላት ይሠራባታል። ከ1976 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ስለሆነች መጫወቻ ናት የሚላት ቢኖር ዒላማዋን ይመልከት፤ መካከለኛዋ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። እርሷንም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ዓይንን በመነጽር መጠበቅ፣ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከልምምድ በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ በማኅበር መሥራት ነው። ለሠርግና ለቤት መሥሪያ ዕቁብ የምንጥል፣ ለሐዘን ዕድር የምንገባ ሕዝብ ነን። ሃያ ወጣት እያንዳንዱ አንድ ርካሽ ጠመንጃ ገዝቶ በየአልጋው ሥር ከሚደብቅ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ማኅበር አቋቁመው፣ ከመኖሪያ ሰፈር የራቀ፣ ከበስተኋላው ወፍራም የአፈር ግድብ ያለው ሜዳና አንድ አሠልጣኝ ቢያገኙ፣ ሁለት ደኅና ጠመንጃ ለሁሉም ይበቃቸዋል። ጠመንጃዎቹ በአንድ ቁልፍ ሥር ያድራሉ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አያገኛቸውም፤ በንዴት ቀንም ማንም ከግድግዳ አያወርዳቸውም። ርካሽ ማለት ለእኛ ይህ ነው።

ስፖርቱ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሰልፏል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሰው እግሩ ሲከዳው ወደ ዒላማ ዞረ። ዒላማ ጉልበት ለጎደለውም የሚሆን፣ ጸጥታንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ጨዋታ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት እናመጣለን?

ወዳጃችን ሦስተኛውን ስኒ ሲያነሣ፤ «እንግዲያው ገንዘቡን ላቆየውና ጓደኞቼን ልጠይቅ» አለ። መልካም አድርጓል። ስሙ ከመዝገቡ ላይ ሲወጣ የእኛንም ስም ከሥሩ እንዲጽፍልን ነግረነዋል።