ለባለቤቱ መርዝ፣ ለእኛ ጣሪያ?



ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የአዳራሹ አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ወርዶ በቆርቆሮ እንዲተካ ሲወሰን ሁላችንም እጃችንን አውጥተናል። እኔም አውጥቻለሁ። ሁለተኛው ውሳኔ ግን፣ ይኸውም የሚወርደው ክዳን ለአባላት በርካሽ ይከፋፈል፣ ለማድ ቤትና ለዶሮ ቤት፣ ለአጥርም ይሆናል የተባለው፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ተነሥቼ ስቃወም አንድ ወንድማችን «ጉዳት ቢኖረው ኖሮ ዓለም በሙሉ ጣሪያ ያደርገው ነበር ወይ?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። መሳቁስ ይሁን። ጥያቄው ግን መልስ የሚያሻው ስለሆነ ይኸው በሰሌዳችን ላይ እመልሳለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም ጣሪያ ያደርገው እንደነበር አይካድም። ያው ዓለም ግን ከልክሎታል። አይስላንድ በ1983፣ ኖርዌይ በ1984፣ ኢጣሊያ በ1992፣ ጀርመን በ1993፣ ፈረንሳይ በ1997፣ እንግሊዝ በ1999፣ አውስትራሊያ በ2003 መጨረሻ ላይ አገዱት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሙሉ እስከ 2005 መግቢያ ድረስ እንዲያግዱት ተወሰነ። «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። ማዕድኑን ከገዛ ምድሯ ቆፍራ ስትሸጥ የኖረች አገር በ2008 ዓ.ም. አግዳዋለች።

ለምን አገዱት? አስቤስቶስ እንደ ጥጥ ወደ ቀጭን ክር የሚፈታ ድንጋይ ነው። እሳት አይበላውም፣ አይበሰብስም። ነጋዴው የወደደው ለዚህ ነበር፣ ሳንባችንም የሚቸገረው በዚሁ ጠባዩ ነው። ክዳኑ ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ በዓይን የማይታይ ክር ከአቧራው ጋር ይነሣል፤ ወደ ሳንባ የገባው ደግሞ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። የሚያመጣውም የሳንባ መጠጠር፣ የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባንና የሆድ ዕቃን ሽፋን የሚይዘው ካንሰር ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ «አባቴ ሲሠራበት ኖሮ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ምን ያህል እንደሚያስተማምን እናንተው ፍረዱ።

በሰሜን ኢጣሊያ ካዛሌ ሞንፌራቶ የምትባል ከተማ አለች። የኤተርኒት የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበረባት፤ በ1986 ተዘጋ። በዚያች ከተማ የሞተው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። የባሏን የሥራ ልብስ ያጠበች ሚስት ሞታለች፤ ፋብሪካውን በእግሩ ረግጦት የማያውቅ ጎረቤትም ሞቷል። ከፋብሪካው የሚወጣውን ትርፍራፊና ብናኝ ሕዝቡ «ነፃ ዕቃ ተገኘ» ብሎ በግቢው መንገድ ላይ አንጥፎታል፣ በቆጡ ላይ ከምሮታል። ልብ በሉ! እኛም ባለፈው እሑድ የወሰንነው ከዚህ ብዙም አይለይም። ታዲያ የዚያች ከተማ ሰዎች አንድ የሚያስቀና ነገር አድርገዋል። የአገራቸውን ሕግ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ከንቲባቸው በ1987 በከተማዋ ውስጥ አስቤስቶስ እንዳይሠራበት አገደ። የአገሩ ሕግ የወጣው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

«መንግሥታት ያውቃሉ፣ ክፉ ቢሆን ፈጥነው ይከለክሉት ነበር» ለሚሉ ወዳጆቼ ደግሞ ይህን ልንገራቸው። ፈረንሳይ ስታግድ ካናዳ «ገበያዬን ዘጋሽብኝ» ብላ በዓለም የንግድ ድርጅት ከሰሰቻት፤ በ2001 ተረታች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለእስያ አገሮች መሸጧን አላቆመችም። ራሷ ያገደችው በ2018 መጨረሻ ነው። ስሟ «አስቤስቶስ» የነበረ የማዕድን ከተማዋ እንኳ በ2020 ስሟን ቀይራለች። ከተማ በስሟ እስክታፍር ድረስ ማለት ነው! አሜሪካም በ1989 አብዛኛውን አግዳ ነበር፤ ኩባንያዎች ተሟግተው በ1991 በፍርድ ቤት አብዛኛውን አስሻሩት፤ እስከዚያ ገበያ ላይ የቆየውን ነጩን ዓይነት ለማገድ ደንብ የወጣው በመጋቢት 2024 ነው። ከ30 ዓመት በላይ! የዘገየው ሳይንሱ አልነበረም። ገንዘቡ ነው ያዘገየው።

ዛሬም ሩሲያ፣ ካዛክስታንና ቻይና ያወጡታል፤ ህንድ በብዛት ትገዛለች። ሻጮቹ የያዙት ዘፈን «ነጩ አስቤስቶስ በጥንቃቄ ከተሠራበት ጉዳት የለውም» የሚል ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን ነጩንም ሰማያዊውንም ቡናማውንም ሳይለይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ደግሞስ ጥንቃቄው በማን ቤት ነው የሚደረገው? የእኛ አናጢ ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ፣ ክዳኑን በጉልበቱ ደግፎ በእጅ መጋዝ ሲቆርጥ አላያችሁትም? ሕፃናቱስ ከሥሩ ሆነው ስብርባሪውን ጠመኔ ሲያደርጉት?

አጉል ፍርሃት ልነዛ አይደለም የተነሣሁት። ያልተሰነጠቀ፣ ማንም የማይነካው ክዳን ባለበት ቢቆይ አደጋው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬውኑ መዶሻ ይዞ ጣሪያው ላይ እንዳይወጣ አደራ! ክፋቱ የሚመጣው ሲሰበርና ሲቆረጥ፣ ሲፋቅም ነው። እኛ ደግሞ ሙሉውን ክዳን ለየቤታችን በልክ በልኩ ልንቆርጠው ነው።

በእርግጥ ክዳኑን ለመውሰድ የተመዘገቡት ከሁላችንም ይልቅ የተቸገሩት ናቸው። አንዲት እናት ከስብሰባው በኋላ «ልጄ፣ ዝናቡ ምጣዴ ላይ ነው የሚወርደው፤ አንተ የ30 ዓመቱን ታወራለህ» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ለእሳቸው መልሱ ቆርቆሮ እንጂ ወሬ አይደለም። ከክዳኑ ሽያጭ ይገኛል ለተባለው ጥቂት ብር ስንል ለችግረኛ አባሎቻችን መርዝ ከምንሸጥላቸው፣ ለአዳራሹ ወንበር ከተያዘው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ለተመዘገቡት ሁሉ ቆርቆሮ ይገዛላቸው። ወንበሩ ለከርሞ ይደርሳል፤ እስከዚያው ከየቤታችን ዱካ ይዘን እንመጣለን።

አወራረዱም ቢሆን ሰው በተሰበሰበበት በመዶሻ መደርመስ መሆን የለበትም። ክዳኑ በውሃ ይራስ፤ ምስማሩና ቡሎኑ ተፈትቶ ሙሉውን እንዳለ ይውረድ፤ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ተራ የጨርቅ ጭንብል ይህን ክር አያስቀርም፤ ስለዚህ ለሚያወርዱት ሰዎች ለዚሁ የተሠራ ጭንብል ይፈለግላቸው፣ የለበሱትንም ልብስ ወደ ቤታቸው አይውሰዱት። የወረደው በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወረዳው እያወቀው ማንም በማይቆፍርበት ቦታ ይቀበር።

ሁለተኛው ውሳኔ በሚመጣው እሑድ እንደገና ለድምፅ እንዲቀርብ ለሊቀ መንበራችን በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ደግፋችሁ መፈረም የምትፈልጉ ወረቀቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ። ባለቤቴ ለዶሮ ቤት ብላ ያስመዘገበችው 3 ክዳን፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ትናንት ማታ ተሰርዟል።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ