ቡናው ለእንግዳ፥ ፊርማው ለማን?

«መብራት ከየትኛው ኩባንያ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነው፤ እዚህ አቅራቢው አንድ ስለ ሆነ የሚጠበቀው ቆጣሪ እንጂ ምርጫ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዳላስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቴክሳስ ግዛት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራትን ሽያጭ ለውድድር ስለ ከፈተ፥ የከተማይቱ ነዋሪ ከብዙ ሻጮች አንዱን መርጦ ይዋዋላል። ወጣቶቻችን ለትምህርትም ለሥራም ወደዚያ ይሄዳሉና ነገሩን ማወቅ አይከፋም።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፥ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በወሩ፥ በዚያ የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ትሑት ወጣት አንኳኳ። አክስቴ ፀሐይ ያቃጠለውን ልጅ ደጅ ማቆም ነውር ነው ብለው አስገቡት፤ ውሃ ሰጡት፤ ቡናም ተፈላ። እርሱም «ለማየት ያህል ብቻ» ብሎ የመብራት ሒሳባቸውን ወረቀት ጠየቀ፤ ቁጥሩን ቀዳ፤ ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ አክስቴ ፈርመው ነበር። «ልጁ ሲንከራተት ውሎ እንዴት ባዶ እጁን ልሸኘው?» አሉኝ።

እኔስ? ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ የምለው ሰው እዚያው ተቀምጬ፥ በታላቅ ፊት ጣልቃ መግባት ድፍረት መስሎኝ ዝም አልሁ። ውሉን ገልጬ ያነበብሁት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። በወር 1000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚደርስ ቤት 100 ዶላር ይቀንሳል፤ 999 ላይ ለቆመ ግን አንድ ሳንቲም አይቀንስም። በነሐሴ ሙቀት ማቀዝቀዣው ቀንም ሌትም ስለሚሠራ ቅናሹ ይገኛል፤ በጥቅምት ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት 1000 ከየት ያመጣሉ? በዚያም ላይ የቀድሞው ኩባንያ ውሉ ያለ ጊዜው ፈረሰ ብሎ መቀጫ ጠየቀ። በሕጉ መሠረት ከደጅ ሻጭ ጋር የተዋዋለ ሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ መቀጫ መሰረዝ ይችላል። የአክስቴ ይሉኝታና የእኔ ስንፍና ግን ከሦስት ቀን በላይ ቆየ።

ሻጩ ያልተናገረውም አለ። ኩባንያ ቢለወጥ ምሰሶውና ሽቦው አይለወጥም፤ በዳላስ መስመሩን የሚጠብቀውና ቆጣሪውን የሚያነበው ኦንኮር የሚባለው ድርጅት ነው። የሚመረጠው እንግዲህ ውሉ ብቻ ነው። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱ ኩባንያ የ500፥ የ1000ና የ2000 ኪሎዋት ሰዓት አማካይ ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት እንዲያወጣ ሕጉ ያስገድዳል። የዓመቱን ሒሳብ ደርድሮ ከዚያ ጋር ማስተያየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የውል ዓይነት ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በ2021 ዓ.ም. የካቲት ወር በቴክሳስ ብርቱ ብርድ በወረደ ጊዜ፥ የጅምላው ገበያ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ደርሶ ለቀናት ቆየ። ዋጋቸው ከዚያ ገበያ ጋር እንዲወጣና እንዲወርድ የተዋዋሉ ቤተ ሰቦች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተጠየቁ። የግዛቲቱ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ውል ለመኖሪያ ቤት የከለከለው በዚያው ዓመት፥ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሻጩን ብቻ አንወቅስም፤ እርሱም እንጀራው በሚያስፈርመው ሰው ቁጥር የተለካ ምስኪን ይሆናል። ነገር ግን ፊርማ የመስተንግዶ ክፍል አይደለም። «ወረቀቱን ተውልኝ፥ አንብቤ እደውላለሁ» ማለት ስድብ አይሆንም። በቤት ውስጥ የተማረ ልጅ ካለም «እትዬ፥ አስቀድሜ ላንብበው» ማለት ድፍረት ሳይሆን ግዴታው ነው፤ እኔ አላደረግሁትም።

አክስቴ ዛሬም ቡናውን አላስቀሩም። የመብራቱን ሒሳብ ወረቀት ግን ከሳሎኑ ጠረጴዛ አንሥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።