ቢሮ የጣለው ኮምፒዩተር ሳሎን ሲገባ

ኮምፒዩተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል። «ኮር አይ ስንት ነው? ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው? ራሙስ?» ይላል። ሻጩም ቁጥሩ ከፍ ያለውን እያስቀደመ ዋጋውን ይጠራል። ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለአርክቴክቱ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ባለሙያ ይህ መለኪያ ትክክል ነው። ዕቃው የሚፈለገው ለሳሎን ከሆነ ግን፣ ማለትም ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ ፊልም ለማሳየት፣ ዘፈን ለማጫወትና የድሮ ጌሞችን ለማስነሳት ከሆነ፣ ይኸው መለኪያ ገዢውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል። አንደኛ ለማይጠቀምበት ጉልበት፣ ሁለተኛ ያ ጉልበት ይዞት ለሚመጣው ሙቀትና ጩኸት።

ነጋዴውም ከዚህ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ አላተረፈም። ለሳሎን የሚስማማው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የቢሮ ደንበኛ «አሮጌ ነው» ብሎ ያለፈው፣ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ትንሹ ሣጥን ነውና።

ለመሆኑ ሳሎን ውስጥ ምን ይፈለጋል? ቡፌው ላይ የሚደረደረውን መቁጠር ይበቃል። የዲሽ ሪሲቨር አለ። ግማሹን ዲስክ የሚያነብ፣ ግማሹን የሚተፋ ዲቪዲ ማጫወቻ አለ። መሳቢያው ውስጥ የሠርግና የምርቃት ዲቪዲዎች፣ የአማርኛ ፊልሞችና ክሊፖች ይሸጡባቸው የነበሩ ቪሲዲዎች ተከምረዋል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ፕሌይስቴሽን ይጨመራል፣ ወይም የፕሌይስቴሽን ጥያቄ ይጨመራል።

ይህን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ የመክተት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዛሬ ኮዲ በመባል የሚታወቀው ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር የተሠራው ለማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ነበር። የጌም ማሽናቸው ፊልም እንዲያሳይላቸው የፈለጉ ሰዎች ሥራ ነው። ኮዲ የሚለውን ስም ያገኘው በ2014 ነው። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ተራው ኮምፒዩተር የጌም ማሽን ሆኗል። ኢሙሌተር የሚባለው ሶፍትዌር የአንድን የጌም ማሽን አሠራር ይኮርጃል፤ ለፕሌይስቴሽን የተሠራው ጌምም እዚያው ፕሌይስቴሽን ላይ ያለ እየመሰለው ይሠራል። ባቶሴራ የተባለው ነፃ ሲስተም ኢሙሌተሮቹንም ኮዲንም ይዞ ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ፊልምና ዘፈን ብቻ ለሚፈልግ ሊብሬኤሌክ አለ፤ ማሽኑ ሲበራ በቀጥታ ኮዲን ይከፍታል። ሁለቱም ዊንዶውስ አይፈልጉም። ይህን ነጥብ ነጋዴው ይያዝልን፤ ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር ድምፅ ማንንም አይረብሽም። ስልክ ይጮሃል፣ ባለጉዳይ ይገባል ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ልጆች ተኝተው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ ሲደረግ፣ ከቡፌው ሥር የሚወጣው የማራገቢያ ሽውታ ከተዋናዩ ንግግር ይቀድማል። ድምፁ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክና ከማራገቢያው። የመጀመሪያው በቀላሉ ይወገዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አይሰማም።

የገንዘቡ ጥያቄ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ማራገቢያ የሚሽከረከረው ሙቀት ለማስወጣት ነው፤ ሙቀቱም የሚመጣው ማሽኑ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። ኢንቴል 91 ዋት ብሎ የመደበው ኮር አይ 7 7700ኬ እና 35 ዋት ብሎ የመደበው ኮር አይ 5 7500ቲ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በሱቅ ቋንቋ የመጀመሪያው ጌታ፣ ሁለተኛው ሎሌ ነው። ፊልም በማሳየት ረገድ ግን ልዩነት የላቸውም። የቪዲዮውን ፋይል የሚፈታው በሁለቱም ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት የግራፊክስ ክፍል ነው።

የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ለሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል መቀነስ ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ ያህል ይሰማል። ስለዚህ ጸጥታን የፈለገ ሰው ውድ ማራገቢያ ከመፈለጉ በፊት ማራገቢያውን የሚያስሮጠውን ሙቀት ባይገዛ ይሻለዋል። ጭራሽ ማራገቢያ የሌላቸው፣ ሙቀቱን በአልሙኒየም ሽፋናቸው የሚያስወጡ ሣጥኖች በውጭ ገበያ አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም የባዶ ሣጥኑ ዋጋ ካገለገለ ሙሉ ኮምፒዩተር ሊበልጥ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ያው ማራገቢያ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል። ማሽኑን ዳንቴል አልብሶ መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ መቆለፍን ግን የሚያካክስ የአየር ንብረት የለም።

ወደ ዋጋው ሲመጣ፣ ጉዳዩ የሚጀምረው ከማይክሮሶፍት ውሳኔ ነው። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ደህና የሚሠሩ ማሽኖችን ለማስወገድ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው። በዚህም የተነሳ ገበያው በሰባተኛውና በስምንተኛው ጄኔሬሽን መካከል ግድግዳ አቁሟል።

ለቢሮ ግድግዳው ተገቢ ነው። ለሳሎን ግን ያለቦታው ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ሰባተኛው ጄኔሬሽን ኤች 265 የሚባለውን የቪዲዮ አጨማመቅ ባለ10 ቢቱን ጭምር፣ እንዲሁም ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን ቪፒ9 በግራፊክስ ክፍሉ ይፈታል፤ ፕሮሰሰሩ እምብዛም አይደክምም፣ ማሽኑም አይግልም። ስድስተኛው ጄኔሬሽን ባለ10 ቢቱን ኤች 265 ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ መፍታት አይችልም። ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም ሲከፈትበት ፕሮሰሰሩ ይጨነቃል፣ ማራገቢያውም ይነሳል። እንግዲህ የሳሎኑ እውነተኛ ግድግዳ ያለው በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ነው።

ዋጋውን የሚወስነው የቢሮው ገዢ ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኘው የሳሎኑ ገዢ ነው። ይህ ክፍተት ለዘላለም አይቆይም። እስካለ ድረስ ግን የሚያውቀው ነጋዴ አየር ባየር ሳይሮጥ፣ በመደርደሪያው ላይ ባለው ዕቃ ብቻ የሚያተርፍበት ነው።

የሚፈለጉት ዕቃዎች በስም ይታወቃሉ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም710ኪው። እያንዳንዳቸው በግምት 18 በ18 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ ናቸው። እዚህ ላይ የሚጠነቀቅ ይጠንቀቅ። እነዚሁ ሞዴሎች በስድስተኛውም በሰባተኛውም ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ተሠርተዋል። መልካቸው አንድ ነው፣ ስማቸው አንድ ነው፤ ደላላውም አንድ አድርጎ ይሸጣቸዋል። ማሽኑ በርቶ 6500ቲ ይላል ወይስ 7500ቲ የሚለው ሳይታይ ቀብድ መክፈል አይገባም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በማይፈለግ ጉልበት ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ዶላር ለገዢው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አስመጪው ሰባተኛውን ትቶ አዲስ ትልቅ ታወር ለሳሎን ሲያመጣ የሚያባክነው የራሱን ካፒታል ብቻ አይደለም።

በእርግጥ የሚቃወም አይጠፋም። «የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ እያለ ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። ቦክሱ ርካሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ማራገቢያ የለውም። ዩቲዩብና ፊልም ብቻ ለሚያይ ቤት ኮምፒዩተር መሸጥ ደንበኛን ማስወጣት ነው። ሆኖም ስም የለሽ ቦክሶች መዘዝ አላቸው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ጁን 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ባድቦክስ 2.0 የተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ገና ከመሸጣቸው በፊት የተጫነባቸው የቲቪ ቦክሶች መኖራቸውን ገልጿል። የባለቤቱ ኢንተርኔት ሳያውቀው ለወንጀለኞች መተላለፊያ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኢንቴል ከራሱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን100 6 ዋት ብቻ የተመደበ ሲሆን፣ ሰባተኛው ጄኔሬሽን የማይችለውን ኤቪ1 የተባለ አዲስ የቪዲዮ አጨማመቅም ይፈታል። የዋጋው ልዩነት ጠባብ ከሆነ ኤን100 መመረጥ አለበት፤ በዚህ መከራከር ከንቱ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ያገለገለው ያሸንፋል።

ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ሌላ ሸቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 ሲወጣ ባለዲስኩ 499 ዶላር ነበር፤ ዘንድሮ የወጣ ጌም ለሚፈልግ ልጅ ምትክ የለውም። ሲጫወቱበት ወደ 200 ዋት ይበላል። በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በወር 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ትንሹ ኮምፒዩተር ፊልም ሲያሳይ 20 ዋት ይበላል ቢባል የወሩ 2.4 ነው። መብራት ሲጠፋም ትንሽ ዩፒኤስ ፊልሙን ሊያስጨርሰው ይችላል።

ስለ ጌሙ ሻጮች የሚያወሩት ተጋኗል። የኒንቴንዶና የሴጋ የቀድሞ ማሽኖች፣ እንዲሁም የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጌሞች በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለ ችግር ይሄዳሉ። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ብዙዎቹ በመጀመሪያው የምስል ጥራታቸው ይሠራሉ፣ ከባዶቹ ይንቀረፈፋሉ፤ ማራገቢያውም በዚያን ጊዜ ይሰማል። ፕሌይስቴሽን 3 አይታሰብ። ጆይስቲኩ ተነክቶ ተጫዋቹ ዘግይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ቴሌቪዥኑ ነው፤ «ጌም ሞድ» የሚለው ካልተከፈተ ማሽኑ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈለ ኳስ ያደገበት ትውልድ ዛሬ ደሞዝተኛ ነው፤ ደንበኛው እሱ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኢሙሌተር ሠሪ ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተረትቷል። በአንጻሩ ዩዙ የተባለው የኒንቴንዶ ስዊች ኢሙሌተር ሠሪዎች በማርች 2024 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን ዘግተዋል። ኢሙሌተሩ አንድ ነገር ነው፣ ጌሙን አባዝቶ መሸጥ ሌላ ነው። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። «አሥር ሺህ ጌም የተጫነበት» እያለ የሚሸጥ ሱቅ ለአንድ ሳምንት ገበያ ብሎ ፈቃዱን እያስያዘ ነው። ማሽኑን ባዶ ሸጦ ለመግጠምና ለማስተካከል የእጅ ዋጋ መቀበል ይሻለዋል።

ሲገዛ የሚታየው ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ዲስፕሌይፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆን በኤችዲኤምአዩ በኩል 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ30 ምስል አያልፉም። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ደህና መለወጫ ዋጋ ከመጀመሪያው ይታሰብ። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የባዮስ ቁልፍ ቃል ትቶበት እንደሆነ ይፈተሽ። ቻርጀሩ የራሱ ይሁን፤ የራሱ ከሆነ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአሜሪካ ዕቃ ነው ተብሎ አይፈራም። አቧራው ተነፍቶ፣ የደረቀው የፕሮሰሰር ቅባት ተቀይሮ፣ ሱቁ ውስጥ ጸጥ ባለ ክፍል አንድ ፊልም እስኪያልቅ ሠርቶ ቢታይ ለአሥር ደቂቃ የሥራ ክፍያ የብዙ ወር አቤቱታ ይቀራል።

እነዚህ ትንንሽ ሣጥኖች የዲስክ ማጫወቻ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ አብሮ ማቅረብ፣ ከዚያም የደንበኛውን የሠርግ ዲቪዲዎች ወደ ማሽኑ በዲስክ ሒሳብ እያስከፈሉ መገልበጥ ከዕቃው ሽያጭ የማያንስ ገቢ ሊሆን ይችላል። ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ያለው ምስል በመሆኑ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ መደብዘዙ አይቀርም፤ ይህ ለደንበኛው አስቀድሞ ይነገር። የብሩ ሽፋን መላጥ የጀመረውን ዲስክ ግን ሱቁ ወረፋ ሳያስጠብቅ ቢቀበል መልካም ነው።