ርዕሰ አንቀጽ፦ ማኅተም ያለው ሁሉ ከባንክ አይደለም



በቅርቡ አንዲት አባላችን በሬ ሸጠው ያስቀመጡትን ብር ለጥቂት ነው ያተረፉት። በልጃቸው ስልክ በኢሜይል ደብዳቤ መጣ። ከላይ የብሔራዊ ባንክ ዓርማ፣ ከሥር ማኅተም አለው። «የፋይዳ ቁጥርዎን ከሒሳብዎ ጋር ስላላያያዙ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል፤ ሰማያዊውን ጽሑፍ ተጭነው የሒሳብና የሚስጥር ቁጥርዎን ይሙሉ» ይላል። ልጁ ሊሞላ ሲል እናት «ቆይ እስቲ፣ ነገ ገበያ ስወጣ ባንኩን ልጠይቅ» አሉ። ባንኩም እኛ አላክንም አላቸው።

በልጁ አንፈርድም። እኛም ብንሆን ማኅተም ስናይ ቆመን መታዘዝ የለመድን ሰዎች ነን። ደግሞም ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ባንኮች ፋይዳ አስመዝግቡ ማለታቸው ሐሰት አይደለም። አታላዩም የያዘው ይህንኑ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ባንኮችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። የቀድሞው የመንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ከሆነ ወዲህ ተቆጣጣሪው ሌላ፣ ብር የምናስቀምጥበት ሌላ ነው። ከነፋስ መውጫም ሆነ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ፣ ብሔራዊ ባንክ ሄዶ የቁጠባ ደብተር ያወጣ ጎረቤት አለን? የለንም። ታዲያ የሚስጥር ቁጥራችን ምን ያደርግለታል?

የላኪውን ስም ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል፤ ከስሙ ሥር ያለውን አድራሻ ተመልከቱ። የብሔራዊ ባንክ አድራሻ መጨረሻው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው፤ የእኚህ እናት ደብዳቤ ግን የመጣው ከጂሜይል ነበር። አድራሻው ቢያምርም እንኳ የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። የገዛ ባንካችሁም ቢሆን ይህን በደብዳቤ አይጠይቅም።

የሰጠ ሰው ካለ አፍሮ አይደበቅ። ሰዓት ሳያልፍ ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127 ደውሎ ያሳግድ፤ ደብዳቤውን ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣል። ይሁንና አጭበርባሪው ቢታሰርም የሄደ ብር ቶሎ አይመለስም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ምንም ሳይነካ ስልኩን ይዞ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበል፤ አብረን እናየዋለን። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ያሏችሁ ጎረቤቶች ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት