ስፓስኪስ ለምን አላበደም?

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሰፈር ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር የአንዱ እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ከበሩ ላይ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጭንቅላት ይነካል እንዴ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ለካስ ማታ ከልጇ ጋር ፊልም አይታለች፤ ቶቢ ማጓየር አሜሪካዊውን የቼዝ ተጫዋች ቦቢ ፊሸርን ሆኖ የሚተውንበትን «ፓውን ሳክሪፋይስ»ን።

እኔም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ማጓየር ስልኩን ፈታቶ የተደበቀ መቅረጫ ሲፈልግ ያስጨንቃል፤ ትወናው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዳይሬክተሩ ከኤድዋርድ ዝዊክ ጋር ነው። ካሜራው የሰውየውን ጭንቀት የወደደውን ያህል ሰሌዳውን አልወደደውም። ችሎታውንና ሕመሙን አንድ ላይ ገምዶ ስለሚያቀርብልን፣ ያቺ እናት አንዱ ያለ ሌላው አይመጣም ብላ ብትፈራ አይፈረድባትም።

እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ቼዝ የሚያሳብድ ከሆነ ከፊቱ የተቀመጠው የሶቪየቱ የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪስ?

እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ፊሸር የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ። አቻ ሊያልቅ በሚችል ጨዋታ ጥግ ላይ ያለች ወታደር በቢሾፑ በላ፤ ቢሾፑም መውጫ አጣ። (ይህን ሳሳያቸው ጀማሪዎቼ እንኳ ይስቃሉ።) በካሜራዎቹ ተማርሮ ለሁለተኛው ሳይቀርብ ቀረ። 2 ለ 0። ስፓስኪ ያኔ ሻንጣውን ሸክፎ ሞስኮ ቢገባ ዘውዱ በእጁ ነበር፤ አለቆቹም ተመለስ ብለውታል። እሱ ግን ሦስተኛውን ከመድረኩ ኋላ ባለች ትንሽ ክፍል፣ ያለ ተመልካች ለመጫወት እሺ አለ። ተሸነፈ። በስድስተኛው ፊሸር እንደገና ሲረታው፣ ከአዳራሹ ሕዝብ ጋር አብሮ አጨበጨበለት። ግጥሚያው በ12.5 ለ 8.5 ተጠናቀቀ፤ ዘውዱም ሄደ።

ጭብጨባው ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ስፓስኪን የሚተውነው ሊቭ ሽራይበርም አሳምሮ ሠርቶታል። እኔ ግን ሙሉውን ፊልም ለዚያ ሰውዬ በሰጠሁት ነበር።

ፊሸርስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ዘውዱን ሳይጫወት ለተፎካካሪው ለካርፖቭ ለቀቀ፤ ከሬይክያቪክ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ግጥሚያ የሚባል አልነካም። እናቱ አይሁዳዊት ሆና ሳለ በአይሁድ ላይ የሚረጨው ጥላቻ የከፋው ከሰሌዳው በራቀባቸው ዓመታት ነው። ይህ ይቅር የምለው ነገር አይደለም፤ በቼዝ የሚያሳብቡትን ግን አልሰማም።

ለእናትየዋ ይህን ሁሉ አላልኳትም፤ ልጇ ርቦት እጇን ይጎትታል። የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፊሸር ጃፓን ውስጥ ሲታሰር ስፓስኪ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቡሽ ደብዳቤ ጻፈ። ምሕረት እንዲያደርጉለት ለመነ፤ ካልሆነም እሱንም ከቦቢ ጋር በአንድ ክፍል እንዲያስሩትና ቼዝ እንዲሰጧቸው ጠየቀ።