የኮከብ ስምና የኛ ድምፅ

ለሴሚስተር ዕረፍት እንሴኖ ስንገባ ከአብሮ አደጎቻችን ጋር የምንወዳደርበት ፋንታሲ የተባለው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ዘንድሮ አጣልቶናል። እያንዳንዱ ሰው ከአሜሪካው ሊግ ተጫዋቾች መርጦ ቡድን ያቆማል፤ እነርሱ በሜዳ የሚሠሩት ለርሱ ነጥብ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች ተጫዋች ለመለዋወጥ ሲስማሙ ደግሞ የቀረነው በድምፅ ልንከለክላቸው እንችላለን።

ክርክሩ፣ ኮከብ ለያዘ ቡድን ድምፅ ስንሰጥ እናደላለታለን ወይ የሚል ነው። በበኩላችን፣ አዎን፣ አድልተናል እንላለን። ባለኮከቡ ያቀረበውን ልውውጥ ሁሉ ሳንመረምር አሳለፍን፤ አንድ ጓደኛችን ግን ስማቸው ያልገነነ ሁለት ተጫዋቾች ሰጥቶ አንድ ዝነኛ ሊወስድ ሲል፣ የሰጣቸው በቍጥር የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ «ይህማ ዘረፋ ነው» ብለን አገድነው። እስከ ዛሬ አኵርፏል።

እርግጥ በሽታው የኛ ብቻ አይደለም። ኮቤ ብራያንት እ.ኤ.አ. በ2016 በተሰናበተበት የውድድር ዘመን፣ ከወረወራቸው 100 ኳሶች 36 እንኳ ሳይሞላ እያገባ፣ ቡድኑ ሌከርስም ከ82 ግጥሚያ 17 ብቻ አሸንፎ፣ ለኮከቦች ጨዋታ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው እርሱ ነበር፤ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ! (የስንብት ስጦታ ነው ቢሉን አንከራከርም።) በ2017 ሊጉ ሕጉን ለወጠ፤ የቋሚ ተሰላፊዎቹ ምርጫ ግማሹ ለሕዝብ ቀርቶ፣ ሩቡ ለተጫዋቾች፣ ሩቡ ለጋዜጠኞች ተሰጠ።

እኛ ጋዜጠኛ የለንም። ቢሆንም ልውውጥ የሚከለክል ሰው ምክንያቱን በቍጥር ያስረዳ፤ በዚያ ሳምንት ከተለዋዋጮቹ ጋር የሚገጥም ደግሞ ድምፅ አይስጥ። ያኰረፈው ጓደኛችንም ጉዳዩ እንደገና ይታይለት።